የሼንገን መዝገብ ውስጥ ስምህ አለ ተባልኩ፤ አቤቱታዬን ለየትኛው አገር ላቅርብ?

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አውሮፓን ረግጬ አላውቅም። ለእህቴ ሠርግ ቪዛ ጠየቅሁ፤ ተከለከልኩ። በመልሱ ቅጽ ላይ ምልክት የተደረገበት ምክንያት በሼንገን የመረጃ ሥርዓት (የሼንገን ቪዛ የሚሰጡት የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት መዝገብ) የመግቢያ ክልከላ ተመዝግቦብሃል የሚለው ነው። ያስመዘገበው ደግሞ ቪዛ የጠየቅሁት አገር ሳይሆን ሌላ ነው።

የጠረጠርኩት የስም መመሳሰልን ነው። የእኔም የአባቴም ስም በየሰፈሩ አለ። ፓስፖርቴ ላይ የልደት ቀኔ ጃንዋሪ 1 ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን። ግን ለቪዛው የአሥሩንም ጣቶቼን አሻራ ሰጥቻለሁ። የዚያ ሰው አሻራ ካላቸው፣ ቢያመሳክሩት እኔ እንዳልሆንኩ ወዲያው ይታወቃል።

የአውሮፓ ዜጋ ያልሆነም ሰው ስለ ራሱ የተመዘገበውን የማየትና ስህተቱን የማሳረም መብት አለው። መልሱም በ1 ወር ውስጥ መምጣት ነበረበት። ክልከላውን ላስመዘገበው አገር ፖሊስ የፓስፖርቴን ኮፒ አያይዤ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ይኸው 7 ሳምንት ሆነ፤ ድምፅ የለም። ሠርጉ ጥር ላይ ነው፤ እህቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ ወንድም የላትም።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፦ አሁን አቤት ማለት ያለብኝ ክልከላውን ላስመዘገበው አገር የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው ወይስ ቪዛውን ለከለከለኝ አገር?