የያኪ «-ታ» ተሳቢ ብቻ ነው ወይ?

ግስ ፈታሽ፦ በሜክሲኮዋ ሶኖራና በአሜሪካዋ አሪዞና በተቀዳ ንግግር ላይ ተመሥርቼ ያኪ የተባለውን የነባር ሕዝብ ቋንቋ እየተነተንኩ ነው። «-ታ» እንደ እኛው «ን» የተሳቢ ምልክት ነው ይባላል፤ ግን ብዙ ቁጥር ላይ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ባለቤት ላይም ይታያል። ምን ብዬ ልመዝግበው? ደግሞ «ዌዬ» እና «ካቴ» ሁለቱም መሄድ ናቸው። አንድ ቃል ናቸው ወይስ ሁለት?

ምዕላድ፦ ከ«ን» ጋር ባታመሳስለው ይሻላል። የኛው የታወቀ ተሳቢ ይፈልጋል፤ «-ታ» ላልታወቀውም ይገባል። «ኢኔፖ ኡካ ቹኡታ ቪቻክ» ውሻውን አየሁ ነው። ውሾቹ ሲሆኑ «ኢኔፖ ኡሜ ቹኡም ቪቻክ» ይሆናል፤ የብዙ ቁጥሩ «-ም» ካለ «-ታ» አይደረብም። አገናዛቢም ላይ ይመጣል፦ «ዮኤምታ ካሪ»፣ የሰውየው ቤት። ባለቤት ላይ ያየኸው ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሆናል፤ እዚያ የባለቤቱ መደበኛ መልክ ነው። ስለዚህ በትንተናው መስመር አንድ መለያ ስጠው፣ አገባቡን ለብቻ ጻፍ። «ተሳቢ» ብለህ ከዘጋኸው ግማሹ ምሳሌ ስህተት ይመስልሃል።

ቆላ ሰው፦ ስለ ግሱ፦ ኢተሻጋሪው የባለቤቱን ቁጥር ይከተላል፤ «ዌዬ» ለአንድ፣ «ካቴ» ለብዙ። ተሻጋሪው ግን የተሳቢውን ነው የሚከተለው። አንድ ነገር ከተገደለ «ሜኣ»፣ ብዙ ከተገደሉ «ሱኣ»፣ ገዳዩ ስንትም ይሁን። ለእያንዳንዱ ተሻጋሪ ግስ አራት ዓረፍተ ነገር ጠይቅ፦ አንድ አንድን፣ አንድ ብዙን፣ ብዙ አንድን፣ ብዙ ብዙን። ሦስተኛው ካልተጠየቀ የማን ቁጥር እንደሚወስን አይታወቅም። በስፓኒሽ ብቻ መጠየቅም ያታልላል፤ እዚያ ግሱ ያው አንድ ነው። በመዝገበ ቃላት ማዘጋጃው ሶፍትዌር በፊልድወርክስ ሁለት መግቢያ ከፍተህ በዝምድና አያይዛቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ቅጥያ ይዞ ይረባልና።

ምዕላድ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ለተማሪ በሚታተም መዝገበ ቃላት ግን አንድ ላይ ይቀመጡ።

ድምፅ፦ ቅጂው ዋቭ (WAV) የድምፅ ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን። ያኪ ላይ የድምፁ ከፍታ ትርጉም አለው፤ ቃሉን ለብቻው ካስባልከው መጨረሻው ስለሚወርድ ድምፅ መተንተኛው ሶፍትዌር ፕራት ላይ ያለው የከፍታ መስመር ያሳስታል። ዓረፍተ ነገር መሃል አስገብተህ ሦስት ጊዜ አስብል። በፊደላችን አትጻፍ፤ ረጅም አናባቢና መጥበቅ አይታዩም። የሶኖራው አጻጻፍ «ቤ» (b) እና «ሆታ» (j) የሚጠቀምበት ላይ የአሪዞናው «ቪ» (v) እና «ኤች» (h) ይጽፋል፤ ሁለቱን በተለያየ መስክ ካላስገባህ ፍለጋው ግማሹን ይዘልልሃል። የአሪዞናውን ቅጂ ደግሞ ከፓስኩዋ ያኪ ጎሳ ፈቃድ ሳታገኝ ኢንተርኔት ላይ አትጫን።