«ነባር»፣ «አገር በቀል» ወይስ «ባለቤት»?

ሠረዝ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ቃል ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ ኒውዚላንድ ማኦሪዎች የምክር ቤት ውክልና አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ኢንዲጂነስ» የሚለውን «ነባር ሕዝብ» አልኩት። አርታኢው በቀይ ሰርዞ «አገር በቀል» አደረገው። ሌላዋ አንባቢ ደግሞ «በሕግ አማርኛ እኮ ባለቤት ነው የሚባለው» አለችኝ። የትኛው ነው ልክ?

አባ መዝገቡ፦
እህቴ ሠረዝ፣ አርታኢሽን ታዘብኩት። አገር በቀል የሚባለው የበቀለ ነገር ነው። ችግኝ፣ ዛፍ፣ ግፋ ቢል እውቀትና ድርጅት። ሰው ላይ ሲለጠፍ ሕዝቡን እንደ ጎመን ከጓሮ የወጣ ያስመስለዋል። (ገበያ ላይማ ማን ይለዋል? እዚያ «የሐበሻ ዶሮ»፣ «የሐበሻ ጎመን» ነው። አገር በቀል የቢሮ ወረቀት ላይ ያደገ ቃል ነው።)

«ነባር» ይሻላል። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ነው። ነባር ቀድሞ የተቀመጠው ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ «ነባር ተማሪ»ን ያውቃታል። የሚገርመኝ ግን፣ ሕጋችን ይህን ቃል በደንብ አድርጎ ተርጉሞታል። ለሰው ሳይሆን ለመሬት! የሊዝ አዋጁን፣ 721/2004ን እዪው። «ነባር ይዞታ» ማለት ከተማው ወደ ሊዝ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ወይም ለዚያ ምትክ ሆኖ የተሰጠ ቦታ ነው። ለመሬቱ ቀን ተቆረጠለት።

ለሕዝብ ግን ሕገ መንግሥቱ ቀን አልቆረጠም። አንቀጽ 39(5) «ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» ብሎ ለሦስቱም አንድ ትርጉም ሰጠ። ባህል፣ የጋራ ቋንቋ፣ የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ የተያያዘ መልክዓ ምድር። «መቼ መጣህ?» የሚል ነገር የለበትም።

የአሶሳ ልጅ፦
«ባለቤት» ያለችሽ ሰው ከባዶ አልተነሳችም። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ሌሎች ሕዝቦች መኖራቸውን ይቀበልና የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ይላል። በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ «ኢንዲጂነስ» ብለው ያልፉታል። ግን አንድ አይደሉም። ነባር ስለ ጊዜ ነው የሚያወራው። ባለቤት ስለ ቤት። ቤት ካለ ደግሞ እንግዳ አለ።

ወላጆቼ በ77ቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ የተወለድኩት አሶሳ ነው። አምስተኛ ክፍል ሰዋስው ስንማር መምህራችን «አበበ በሶ በላ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ አንዱን ቃል ባለቤት፣ ሌላውን ተሳቢ ብሎ ያሰምርበት ነበር። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። በኋላ አንቀጽ 2ን ሳነብ ያ ሰሌዳ መጣብኝ። ለካ እኛ ተሳቢዎች ነን ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ቀልዱ ግን ምርጫ ላይ ሲደርስ ያቆማል። የ1987ቱ የምርጫ አዋጅ፣ ቁጥር 111፣ ዕጩው የሚወዳደርበትን አካባቢ ቋንቋ ይወቅ ይል ነበር። በ1992ቱ ምርጫ በርታኛ አትችሉም ተብለው ከዕጩነት የወጡ ሰዎች ነበሩ። አቤቱታው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ገባ። ውሳኔው በ1995 ሲመጣ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ይበቃል የሚል ሆነ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው።

ሠረዝ፦
ወንድሜ፣ ተሳቢዋ አሳቀችኝም አሳዘነችኝም። «ተወላጅ»ስ ብል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ኧረ እሱን ተይው። አዲስ አበባ 40 ዓመት የኖረ ሰው ዛሬም «የጎጃም ተወላጅ» ነው። ቃሉ የተነሳህበትን እንጂ የምትኖርበትን አይነግርም። ደግሞ ሕግ ውስጥ ዘመድ አለው፤ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ»። ቢጫ ካርድ ያለን ሰዎች በአዋጅ 270/1994 ነው የምንተረጎመው። የውጭ ዜግነት ይዘሽ ቅድመ አያትሽ እንኳ ኢትዮጵያዊት ከነበረች ይበቃል። ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ ትሠሪያለሽ። መምረጥና መመረጥ ግን የለም፤ አዋጁ በግልጽ ዘግቶታል። ማንነቱ እስከ ቅድመ አያት ይወርዳል፣ ድምፁ ግን በር ላይ ይቀራል።

አባ መዝገቡ፦
የሐረሪን ደግሞ ተመልከቱ፤ የእናንተ ተቃራኒ ነው። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። እነዚህን ሐረሪዎች ብቻ ይመርጣሉ፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትም ጭምር። እዚያ ድምፁ ቦታውን ሳይሆን ሰውየውን ይከተላል።

ወደ ጽሑፍሽ ልመለስ፣ ሠረዝ። የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ የጸደቀው በእኛ መስከረም 2 ቀን 2000 ነው፣ በሚሊኒየሙ ማግስት። ድምፅ ሲሰጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም። ኒውዚላንድ ተቃውማ ነበር። እሱም ቢሆን «ኢንዲጂነስ» ማለት ምን እንደሆነ አይተረጉምም። የኒውዚላንድ ሕግ ግን ስለ ራሷ ሰዎች ይተረጉማል። የማኦሪ መቀመጫዎች እ.ኤ.አ. በ1867 ተቋቋሙ። ከዚያ በኋላ እስከ 1975 ድረስ ደም በግማሽ እየተለካ ሰው ከየትኛው የመራጮች መዝገብ እንደሚገባ ይወሰን ነበር። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የምርጫ ሕግ ማኦሪ የሆነን ሰውና የእሱን ዝርያ ሁሉ ይላል፤ በማኦሪ መዝገብ ወይም በጠቅላላው መግባት የራሱ ምርጫ ነው። ዛሬ መቀመጫዎቹ 7 ናቸው። ስለዚህ ሕጉ «ማኦሪ» ሲል አንቺም «ማኦሪ» በይ። ጠቅለል ሲል ብቻ «ነባር ሕዝብ»። «ባለቤት»ን እዚያ አታስገቢያት፤ የሌላ አገር ክርክር ይዛ ትገባለች።

ሠረዝ፦
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ። ለነጠላ ሰውስ? «ነባር ሰው» ብል አርታኢው ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሠራተኛ ነው የሚመስለው።

አባ መዝገቡ፦
«የነባሩ ሕዝብ አባል»። ይረዝማል፣ አውቃለሁ። አርታኢሽ ካሳጠረው ግን እዚህ አምጪው።