ሸለምጥማጥ የነከሳት ዶሮ፦ ቁስሏን በምን ልጠበው?

ጥያቄ፦ ሌሊት ሸለምጥማጥ ገብቶ አንዷን እንቁላል ጣይ ነክሷታል። ከክንፏ ሥር ሁለት የጥርስ ቀዳዳ አለ፤ ጀርባዋ ላይ ቆዳው ሦስት ጣት ያህል ተገሽልጧል። ትቆማለች፣ ግን አትበላም። በአልኮል ልጠበው? ይሰፋ?

መልስ፦ አልኮሉ ይቅር፤ ሕያው ሥጋዋን ያቃጥላል። መጀመሪያ ድንጋጤዋ ይብረድላት፦ ገለባ የተነጠፈበት ካርቶን፣ ጨለም እና ሞቅ ያለ ቦታ፣ ለብ ያለ ውሃ አጠገቧ። በግድ አይጋቷት፣ ትን ይላታል። ከዚያ 1 ሊትር ውሃ አፍልተው 9 ግራም ጨው (ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ) ይጨምሩበት፤ ሲበርድ መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ውሃውን ወደ ቁስሉ እየገፉ ያጥቡ። ጓንት ያድርጉ፣ የአውሬው ምራቅ ላባዋ ላይ አለ። በዙሪያው ያለውን ላባ በመቀስ ይከርክሙ እንጂ አይንቀሉ፤ ቆዳዋ ስስ ነው፣ አብሮ ይቀደዳል።

መልስ፦ የጥርሱ ቀዳዳ አይሰፋ። ከላይ ጠባብ፣ ከውስጥ ጥልቅ ስለሆነ መግሉ ይታሰራል። ፖቪዶን አዮዲን (የቁስል ማጽጃ መድኃኒት) ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥነው ጧት ማታ ይቀቡ። ዝንብ ካረፈበት በአንድ ቀን ትል ሊፈላበት ይችላል፤ ላባዋን ገልጠው ይዩ። ቅርፊት ሳይዝ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቀል፣ ቀይ ነገር ካዩ ይነቁሯታል።

መልስ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የክንፏ ሥር ነው። በጣት ሲጫኑት ከቆዳው ሥር ኮሽ ኮሽ የሚል አየር ካለ የአየር ከረጢቷ (የመተንፈሻዋ ክፍል) ተበስቶ ሊሆን ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ይያት። ኦክሲቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ) ካዘዘላት፣ እሱ እስከሚለው ቀን እንቁላሏ አይበላ።