ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የክበባት ጥቆማ፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይከራይ፣ ተማሪ ወዴት ይወሰድ?

ባለፈው ሳምንት በሌላ ትምህርት ቤት የክበባት አስተባባሪ ሆና የተመደበች ባልደረባዬ ደወለችልኝ። «የተሰጠኝ ብር ትንሽ ነው፤ ሚኒ ሚዲያው ድምፅ የለውም፣ ስፖርት ክበቡ ኳስ የለውም፣ ልጆቹ ደግሞ ጉብኝት ካልወሰድሽን ይሉኛል፤ ከየቱ ልጀምር?» አለችኝ። የመለስኩላት ስለረዘመና የካቲት ሲገባ ይኸው ጥያቄ ብዙዎቻችሁን ስለሚገጥማችሁ እዚህ ጽፌዋለሁ። በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክበባትን ሳስተባብር 9 ዓመት ሆኖኛል፤ የማወዳድረው በእጄ ያለፈውን ብቻ ነው።

ስገዛም ስከራይም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በዓሉ ካለፈ፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ዕቃው ማን እጅ ነው የሚቀረው? ተማሪው በየቀኑ የሚነካው ከሆነ እገዛዋለሁ። መጋዘን ገብቶ የሚቆለፍበት ከሆነ ቢረክስም ይቅርብኝ እላለሁ። እኛ ጋ የፈረሱትን ክበባት ሳስባቸው ብር ከማጣት ይልቅ ቁልፍ በማጣት የፈረሱት ይበዛሉ።

ከሚኒ ሚዲያ ጀምሩ። ሌሎቹ ክበባት የሚሰሙት በእሱ ነው፤ ቀይ መስቀሉም ሥነ ጽሑፉም አካባቢ ጥበቃውም ጠዋት ሰልፍ ላይና በዕረፍት ሰዓት ካልተነገረላቸው አባል አያገኙም። ገበያ ላይ ሁለት ምርጫ ታገኛላችሁ። አንዱ ባለ ጎማው፣ ቻርጅ ተደርጎ የሚሠራው ስፒከር ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ብሉቱዝ አለው፣ ለሙዚቃ ደግሞ ጎበዝ ነው። ሁለተኛው የድሮው አምፕሊፋየር ከነሆርኑ ነው፤ ያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ጥሩምባ መሳይ ድምፅ ማጉያ። እኔ ሁለቱንም ገዝቻለሁ፣ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ሆርን ለሙዚቃ አይሆንም፤ የሰው ንግግር ግን ሜዳው ጫፍ ላይ ለቆመ ልጅ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይደርሳል። ባለ ጎማው በሁለተኛው ዓመት ባትሪው ደከመ፤ ከዚያ በፊትም «ይሰረቃል» ተብሎ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስለገባ ልጆቹ በየጠዋቱ ቁልፍ ሲለምኑ ሰልፉ ያልፍ ነበር። ሆርኑ ግን አንዴ ከተሰቀለ የሚያወርደው የለም፤ ማይኩ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ፣ በተማሪዎቹ እጅ ነው።

አምፕሊፋየር ስትገዙ ከጀርባው የ12 ቮልት መግቢያ እንዳለው ገልብጣችሁ እዩ። መብራት በጠፋ ቀን ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዛችሁ ትሠሩበታላችሁ። ማይክ ባለ ሽቦውን ያዙ፤ ገመድ አልባው በየሳምንቱ የባትሪ ድንጋይ እያለ ያስቸግራችኋል፣ ለድንጋይ የሚሆን ብር ደግሞ በጀት ውስጥ የለም። ለወላጆች ቀን ትልቅ ድምፅ ካስፈለገ ሞንታርቦ ለአንድ ቀን መከራየት ይበቃል። በዓመት አንዴ ለሚጮህ ዕቃ ብር አታስሩ።

ግዢው መርካቶ ይረክሳል፣ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ግን የሚረክሰው ሱቅ ሁልጊዜ የሚያዋጣው አይደለም። ፋይናንስ ከሱቆች የተሰበሰበ 3 ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይጠይቃችኋል፣ ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ግዢም አይወራረድም። አንድ ጊዜ ዋጋው ስለጣፈጠኝ ያለ ደረሰኝ ገዝቼ ከደመወዜ ሸፍኜዋለሁ። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ደረሰኝ ትቆርጣላችሁ?» በሉ።

ኳስ። ስታዲየም ዙሪያ ያሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ከሰፈር ሱቅ ትንሽ ይወደዳሉ፣ ግን አማርጣችሁ፣ አንጥራችሁ፣ ነክታችሁ ትገዛላችሁ። ለእኛ ወሳኙ ነገር ሜዳችን ጠጠር መሆኑ ነው። በሙጫ የተጣበቀው ኳስ ሲታይ ያብረቀርቃል፤ ጠጠር ላይ ግን ቆዳው ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ይላጣል። በእጅ የተሰፋውን ግዙ፤ ስፌቱ ሲለቅ በር ላይ ያለው ጫማ ሰፊ ይጠግነዋል። እኛ ጋ አንድ የተሰፋ ኳስ ሦስት ጊዜ ተጠግኖ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ቁጥሩንም አትሳቱ፦ ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ቁጥር 5፣ ከዚያ በታች ላሉት ቁጥር 4። የቁጥር 5 ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። እኔ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ፤ «ቁጥር 5» ተብሎ ተጽፎበት ሲለካ ያነሰ አጋጥሞኛል። የመንፊያዋን መርፌ ከመክተታችሁ በፊት በውኃ አርጥቧት፤ በደረቁ ስትገባ የአየር መግቢያውን ትቀደዋለች። መረብ ኳስ የምታስጫውቱ ደግሞ መረቡን ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ላይ እንዲያርፍ ምሰሶው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉበት። በተለይ ሴቶቹ በወንዶች ከፍታ እየተጫወቱ «አንችልም» ብለው ሲተዉ ማየት ያሳዝናል፤ ችግሩ የመረቡ እንጂ የእነሱ አይደለም።

አሁን ወደ ጉብኝቱ ልምጣ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ጉብኝት ስንል አውቶቡስ ተከራይተን ከከተማ መውጣት ይመስለናል። ሃይገር ወይም ቅጥቅጥ ለአንድ ቀን ለመያዝ የሚወጣው ብር ሌላውን ሁሉ ይበላዋል፣ መክፈል የማይችለው ልጅም ቤቱ ይቀራል። እኔ ለአራት ዓመት ያህል በየየካቲቱ ልጆቹን በእግር የማዞረው ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በሚወርደው መንገድ ነው። ታክሲ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው።

መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው፤ የንጉሡና የእቴጌይቱ መኝታ ቤት እንዳለ ይታያል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ባለሥልጣናቱ የተገደሉትም እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ደጁ ላይ ወደ ሰማይ የሚጠማዘዝ ደረጃ አለ፤ ፋሽስቶች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመታት መታሰቢያ ያቆሙት፣ በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ የተቀመጠበት። ልጆቹ መጽሐፍ ላይ ያነበቡት ነገር በቆሙበት መሬት ላይ እንደተፈጸመ ሲገባቸው ዝም ይላሉ። ያን ዝምታ በክፍል ውስጥ አግኝቼው አላውቅም። ከበሩ ስትወጡ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አደባባዩ ላይ ቆሟል፤ ቀጥላችሁ እዚያ አቁሟቸው።

ቀጥሎ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽ እዚህ ናት። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት ለጥንቃቄ ተለይቶ ይቀመጣል። ሳይነገራቸው ሄደው እዚያ ሲሰሙ የተታለሉ ያህል ይከፋቸዋል፤ አስቀድሞ ከተነገራቸው ግን «ለምን ይቀመጣል? ቅጂው እንዴት ተሠራ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሳይንስ ክበቡም የአንድ ወር ሥራ ያገኛል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ የተገኘው አጥንቷም የሙሉ አካሏ 40 በመቶ ገደማ እንደሆነ ሚኒ ሚዲያው በዋዜማው ያንብበው።

እነዚህ ሁለቱ ለአንድ ቀን በቂ ናቸው። ሦስተኛ ቦታ የጨመርኩበት ዓመት ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው እግራቸውን ሲያሹ ነው ያሳለፉት። አራት ኪሎ ያለውን የሳይንስ ሙዚየም ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ከ9ኛ ክፍል በላይ ላሉትና ኮምፒውተር ለሚወዱት ይሆናል። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሁሉም ትምህርት ቤት የካቲት 23 ሰሞን ስለሚሄድ ሰልፉ ይበዛል። መጋቢት ውስጥ ውሰዷቸው፣ ተረጋግተው ያያሉ። አንድነት ፓርክ በተለይ ለታችኛው ክፍል ልጆች ደስ ይላል፤ አንበሶቹን አይተው አይጠግቡም። ነገር ግን መግቢያው ከሙዚየሞቹ ይወደዳል፤ ወላጅ መክፈል ለሚችልበት ትምህርት ቤት እንጂ ለእኔ ልጆች አልመርጠውም። የትም ብትሄዱ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ቀደም ብላችሁ አድርሱ፤ በር ላይ ቆሞ መደራደር ልጆቹ ፊት ያሳፍራል።

የባህል ቀን። እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ሲቀርብ የባህል ልብስ ኪራይ በእጥፍ ይጨምራል። ከሁለት ዓመት በፊት ቀብድ ከፍለን የያዝነውን ልብስ አከራዩ በዋዜማው ለሌላ ሰጥቶብን 14 ልጆች በዩኒፎርም መድረክ ላይ ወጥተዋል። አንዷ ልጅ ስታለቅስ አይቻታለሁና አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ኪራይ ትተናል። ልጆቹ ከየቤታቸው፣ ከአያቶቻቸው ሳጥን ያመጣሉ፤ ሲያመጡም ልብሱን ማን እንደፈተለው፣ የት እንደተለበሰ ጠይቀው ይመጣሉ፣ መድረክ ላይም እሱኑ ይናገራሉ። ለክበቡ በቋሚነት የሚሆን ጥቂት ጥበብ መግዛት ካስፈለጋችሁ ሽሮ ሜዳ ነው፤ በዓል ሰሞን ሳይሆን በጥር መጨረሻ ወይም በዐቢይ ጾም ሂዱ፣ ሻጩም ጊዜ ይኖረዋል፣ ዋጋውም ይለዝባል።

ስለ ሽልማት። ዋንጫና ሜዳሊያ ስታዲየም አካባቢ ስም ተቀርጾበት ይሠራል፣ ለእግር ኳሱ አንድ ዋንጫ ግዙ፤ በየዓመቱ የሚዘዋወር ይሁን። ለሥነ ጽሑፍና ለጥያቄና መልስ አሸናፊዎች ግን መጽሐፍ እመርጣለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉት የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ በአንድ ዋንጫ ዋጋ ብዙ መጽሐፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ርዕሰ መምህሩ በእጃቸው ስሙን ይጻፉለት። ለባነር ደግሞ አራት ኪሎ ያሉትን ማተሚያ ቤቶች አወዳድሩ፤ ዋጋቸው በካሬ ነው። ባነሩ ላይ ዓመተ ምሕረት አታስጽፉ፣ ለሦስት ዓመት ትሰቅሉታላችሁ።

ቀይ መስቀል ክበብ ያላችሁ፣ የተዘጋጀ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን አትግዙ። ባዶ ሣጥን ይዛችሁ ፋሻ፣ ጎዝ፣ ፕላስተርና ጓንት ከፋርማሲ ብትሞሉት በጣም ይረክሳል፤ በመስታወት ያሸበረቀው ሣጥን ውስጥ የማያስፈልግ ብዙ ነገር አለ። ሥልጠናውን ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በደብዳቤ ጠይቁ፤ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፣ ከትምህርት ቤቶች ጋር መሥራት ያውቅበታል። የአምቡላንሱን 907 ሜዳው ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት።

ይህን ለባልደረቦቼ ካካፈልኩ በኋላ የተጠየቅሁትን ልመልስ።

«የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኝ ከየት ያምጣ?» ከማምጣቱ በፊት ማን እንደሚያጠጣው እንነጋገር። በሰኔ ተክለን ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ያሳድጋል፤ የሚደርቀው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው፣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ እያሉ። ስለዚህ በዚህ መንፈቀ ዓመት ዛፍ አትትከሉ፣ በሰኔ የተተከለውን ለየክፍሉ አከፋፍላችሁ አስጠጡ። አፈር መንካት ለሚፈልጉት ቆስጣ ዝሩ፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ተቆርጦም ደግሞ ይበቅላል። ዕፅዋቱን በስም ማወቅ ለሚወዱት ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የግማሽ ቀን ጉብኝት ነው።

«ቤታቸው ለማጥናት የማይመቻቸው ልጆችስ?» አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የ12ኛ ክፍል ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ናቸው። መታወቂያ ይያዙ፣ በጠዋት ይግቡ፣ ቦታ ቶሎ ይሞላል። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ጸጥታው ይበልጣል፤ የድሮ ጋዜጣና መጽሐፍ ለሚፈልግ የሥነ ጽሑፍ ክበብ እሱን አስቀድሙ።

«ምንም ብር የለንም» ያላችሁኝ አንድ መምህር፣ ለእርስዎ ያለኝ ይህ ነው። እኛ ጋ ከዛፉ ሥር ባሉት የሲሚንቶ አግዳሚዎች ላይ የሥዕል ክበቡ 64 ቤት ያለው ዳማ ቀለም ቀብቶ ሠራ። ጠጠሩ ከሰፈር ሱቅ የተለቀመ ቆርኪ ነው፤ ግማሹ ተገልብጦ፣ ግማሹ እንዳለ። ቀለሙ ከክፍል እድሳት የተረፈ ነበር። አሁን በዕረፍት ሰዓት ከኳሱ ሜዳ ይልቅ እዚያ የሚሰበሰበው ልጅ ይበዛል፤ የጥበቃው ጋሼም ተራ ይዘው ይጫወታሉ።