አንድ ትልቅ አዳራሽ ወይስ ብዙ ትናንሽ መድረኮች? መካከለኛ ከተማ ለኪነ ጥበብ የመደበችውን ገንዘብ የት ታውለው?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ከሁለት መቶ እስከ አምስት መቶ ሺህ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ለኪነ ጥበብና ለመዝናኛ ስፍራዎች የምትመድበውን የሕዝብ ገንዘብ አንድ ትልቅ የባህል አዳራሽ ልትሠራበት ይገባል፣ ወይስ በየሰፈሩ ለሚገኙ ትናንሽ ቴአትር ቤቶችና የሙዚቃ መድረኮች ልታከፋፍለው? ተከራካሪዎችን በየሙያቸው እንጠራቸዋለን። የሌላውን ሐሳብ ሳታዛቡ ጠቅሳችሁ እንድትመልሱ አደራ እላለሁ።

አርክቴክቱ፦ እኔ የምቆመው ለትልቁ አዳራሽ ነው። ትልቅ መድረክ የሌላት ከተማ ትልቅ ሥራ አይመጣባትም፤ ይህም የክብር ሳይሆን የልክ ጉዳይ ነው። ከከተማ ከተማ የሚዞር የኦፔራ ወይም የዳንስ ቡድን ዕቃውን በከባድ መኪናዎች ጭኖ ሲመጣ፣ መኪናው እስከ መድረኩ ጀርባ የሚጠጋበት የማራገፊያ በር፣ የትዕይንት መጋረጃዎች በገመድ ተስበው የሚሰወሩበት ከመድረኩ በላይ ያለ ረጅም ማማ፣ ለብዙ ሰው የሚበቃ የልብስ መለወጫ ክፍል ማግኘት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቡድኑ ከተማዋን አልፏት ይሄዳል፤ ነዋሪውም ወይ ወደ ዋና ከተማ ይጓዛል ወይ ሳያይ ይቀራል። ቢልባኦን ተመልከቱ። የብረትና የመርከብ ግንባታ ኢንዱስትሪዋ የተዳከመባት፣ 350 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች የስፔን ከተማ፣ ፍራንክ ጌሪ የነደፈውን የጉገንሃይም ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1997 ከከፈተች በኋላ ዓለም የሚጎበኛት ከተማ ሆናለች። ሕንፃ የከተማን ዕድል ይለውጣል።

የቴአትር አዘጋጇ፦ ወንድማችን ስለ ቢልባኦ የተናገሩት እውነት ቢሆንም ሙሉው ታሪክ አይደለም። ሙዚየሙ ከመከፈቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1995፣ የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ጀምሮ ነበር። የተበከለው የኔርቪዮን ወንዝ ለዓመታት ሲጸዳ ቆይቷል፤ በወንዙ ዳር የነበረው የኢንዱስትሪ መሬትም ለሌላ አገልግሎት ተለቋል። ሌሎች ከተሞች ይህን ሁሉ ትተው ሕንፃውን ብቻ ሊቀዱ ሞከሩ። የእንግሊዟ ሸፊልድ በ1999 የፖፕ ሙዚቃ ብሔራዊ ማዕከል ብላ በአራት ግዙፍ ከበሮዎች ቅርጽ የተሠራ፣ በብረት የተለበጠ ሕንፃ ከፈተች። ይመጣል የተባለው ጎብኚ ስላልመጣ ማዕከሉ በሚቀጥለው ዓመት ተዘጋ፤ ሕንፃው በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር መገልገያ ሆነ።

እኔን የሚያሳስበኝ የግንባታው ወጪ ብቻ አይደለም። ለግንባታ ገንዘብ የሚሰጥ አይጠፋም፤ የመሠረት ድንጋይ የሚያስቀምጥም፣ ሪባን የሚቆርጥም ይገኛል። ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለቴክኒክ ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ የሚከፍል ግን ማን ነው? ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1966 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። አራት ሰዎች የሚጫወቱት የሙዚቃ ድርሰት ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም ዛሬም አራት ሰዎችንና ያንኑ ያህል ደቂቃ ይጠይቃል፤ በፋብሪካ እንደሚታየው በአነስተኛ የሰው ኃይል ብዙ ማምረት አይቻልም፤ ደመወዝ ግን በሌላው ዘርፍ ሲያድግ እዚህም ማደግ ግድ ይለዋል። በመሆኑም የትኬት ገቢ ብቻውን ወጪውን ይሸፍናል ብሎ ማቀድ አይቻልም። አዳራሽ ስንሠራ ማለቂያ የሌለው የድጎማ ግዴታ እየፈረምን ነው፤ ድጎማው ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ለትናንሾቹ መድረኮች የሚሰጠው ነው።

ግብር ከፋዩ፦ እኅታችን የግንባታውን ወጪ በቀላሉ ባያልፉት ጥሩ ነበር። የጀርመኗ ሃምቡርግ በ2017 የከፈተችው ኤልብፊልሃርሞኒ የተባለ የሙዚቃ አዳራሽ ከሕዝብ ገንዘብ 77 ሚሊዮን ዩሮ ብቻ ይወስዳል ተብሎ ተጀምሮ ወደ 789 ሚሊዮን ደርሷል። ሃምቡርግ ሀብታም ከተማ ስለሆነች ቻለችው። መካከለኛ ከተማ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢደርስባት ትምህርት ቤትና መንገድ ሳይጠገን ይቀራል።

አርክቴክቱ፦ የሲድኒ ኦፔራ ቤትም 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተገምቶ በ1973 ሲመረቅ 102 ሚሊዮን ፈጅቷል፤ ዛሬ ግን ባልተሠራ ኖሮ የሚል ሰው አይገኝም።

የድምፅ ባለሙያው፦ እኔ በሁለቱም ወገን ያልተነሣ ነገር አለኝ። አንድ አዳራሽ ሁሉንም ጥበብ በእኩል አያስተናግድም። ለኦርኬስትራ የተሠራ አዳራሽ ውስጥ አንድ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ እስኪያልቅ ሁለት ሰከንድ ያህል እንዲቆይ ይፈለጋል፤ የቫዮሊኑ ድምፅ ሙላትና ሙቀት የሚያገኘው ከዚህ ነው። በዚያው አዳራሽ ተዋናይ ያለ ማይክሮፎን ሲናገር ግን የመጀመሪያው ቃል ሳይጠፋ ሁለተኛው ስለሚደርስበት ንግግሩ ይደበላለቃል፤ ለቴአትር አንድ ሰከንድ ገደማ ይበቃል። በድምፅ ማጉያ ለሚጫወት ባንድ ደግሞ ከዚያም ያነሰ፣ በተለይ ባስ የሚባለው ወፍራም ዝቅተኛ ድምፅ ቶሎ የሚሞትበት ክፍል ያስፈልጋል። ግድግዳው ላይ የሚዘረጉና የሚሰበሰቡ ወፍራም መጋረጃዎች በመስቀል ልዩነቱን ማጥበብ ይቻላል፤ ከባሱ ላይ የሚቀንሱት ግን ጥቂት ነው። ዓይንም የራሱ ወሰን አለው፤ ከመድረኩ ከ20 ሜትር በላይ የተቀመጠ ተመልካች የተዋናይን የፊት ገጽታ አጥርቶ ማየት ይቸግረዋል። «ለሁሉም የሚሆን» የተባለ ባለ ሁለት ሺህ መቀመጫ አዳራሽ ብዙ ጊዜ ለአንዱም በደንብ ሳይሆን ይቀራል። ሁለት መቶ ሰው የገባበት ቀን ደግሞ ተዋናዩም ተመልካቹም ባዶው ወንበር ይሰማቸዋል።

ነዋሪው፦ ስለ ትናንሽ መድረኮች ስታወሩ ጎረቤቱን አትርሱ። እኔ የምኖረው ከአንድ የሙዚቃ ቤት ጀርባ ነው። ዘፈኑ አይሰማኝም፤ የሚሰማኝ የባሱ ምት ነው፤ መስኮት ብዘጋም በግድግዳው አልፎ ይገባል፣ አልጋው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ጥበብን እወዳለሁ፤ ልጆቼ ግን በሌሊት መተኛት አለባቸው።

የቴአትር አዘጋጇ፦ ቅሬታዎ ፍትሐዊ ነው፤ መልስም አለው። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በ2014፣ እንግሊዝም በ2018 በፕላን ደንቦቻቸው ያስገቡት መርሕ፣ ለውጡን ያመጣው ወገን የድምፅ መከላከያውን ወጪ ይሸከም ይላል። ነባር የሙዚቃ ቤት አጠገብ አዲስ አፓርታማ የሚሠራ ሰው መስኮቱንና ግድግዳውን ድምፅ እንዳያስገባ አድርጎ ይሠራል፤ ነባር መኖሪያ መካከል የሙዚቃ ቤት የሚከፍት ደግሞ ድምፁን አፍኖ ይከፍታል። እርስዎ ቀድመው የነበሩ ከሆነ ሕጉ ለእርስዎ ይቆማል።

አርክቴክቱ፦ ከጎረቤት እንቅልፍ የሚከብድ ጉዳይ ላንሣ። በብራዚሏ ሳንታ ማሪያ፣ ልክ እኛ የምንነጋገርበት መጠን ባላት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ኪስ በተባለ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ የተተኮሰ ርችት ጣሪያው ላይ የተለጠፈውን የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ አቀጣጠለው፤ ከስፖንጁ በወጣው መርዛማ ጭስ የታፈኑትን ጨምሮ 242 ሰዎች ሞቱ። ሰዉ የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ነበር። እኅቴ፣ ትናንሽ መድረኮች ሲበዙ እያንዳንዱን በር፣ እያንዳንዱን ጣሪያ ማን ይመረምራል? ትልቅ አዳራሽ ቢያንስ በደንብ ተነድፎ፣ መውጫው ተቆጥሮ፣ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያው ተሠርቶ ይከፈታል።

የቴአትር አዘጋጇ፦ ይህ ክርክር ለመርታት ሲባል ሊታለፍ የማይገባው ነጥብ ነው፤ በሙሉ ልቤ እቀበለዋለሁ። ግን ወዴት ያመራናል? ትልቁ አዳራሽ ቢሠራ ወጣቶቹ ሙዚቃ መጫወታቸውን አይተዉም፤ መጋዘን ውስጥ፣ ምድር ቤት ውስጥ ይጫወታሉ፤ አደጋው የባሰ የሚሆነው ያኔ ነው። ሕጋዊ የሆነ ትንሽ መድረክ ሁለተኛ በር ለመክፈት፣ ስፖንጁን በማይቀጣጠል ነገር ለመተካት፣ ለአካል ጉዳተኛ መወጣጫ ለመሥራት ገንዘብ የለውም። የትልቁ አዳራሽ በጀት ጥቂት እጅ ለዚህ ቢውል የስንት ቤት ደኅንነት ይስተካከል ነበር! እኔ ድጎማ ስል በዋናነት ይህን ማለቴ ነው፤ በመጀመሪያ በርና ጣሪያ፣ ቀጥሎ የድምፅ አፈና፣ ከዚያ የሠራተኛ ደመወዝ።

ሌላም ነገር አለ። በትልቁ መድረክ ላይ የሚቆመው ሰው ከየት ይመጣል? ማንም ተዋናይ ወይም ሙዚቀኛ በሁለት ሺህ ሰው ፊት አይጀምርም። በመቶ ሰው ፊት ይሳሳታል፣ ይማራል፤ ሦስት መቶ ሲሞላ ደፋር ይሆናል፤ መብራት የሚያበራውም፣ ድምፅ የሚያስተካክለውም እንዲሁ ነው። መቶው መድረክ ከተዘጋ ትልቁ አዳራሽ የሌላ ከተማ ልጆች የሚሠሩበት የኪራይ ቤት ይሆናል።

የድምፅ ባለሙያው፦ የኔዘርላንዷ ቲልቡርግ ያደረገችው ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። 200 ሺህ ገደማ ሕዝብ ባላት በዚህች ከተማ በ1998 የተከፈተው 013 የተባለው የሙዚቃ ቤት ትልቅና ትንሽ አዳራሽ በአንድ ጣሪያ ሥር ያዘ። ትልቁ አዳራሽ 3,000 ሰው እንዲይዝ የሰፋው በ2015፣ ማለትም ቤቱ ለዓመታት ከሠራና ተመልካች እንዳለው ከታወቀ በኋላ ነው። ቤቱ የተሠራው ገና ከጅምሩ ለሚጎላ ሙዚቃ ታስቦ ነው፤ ለሁሉም ልሁን አላለም።

አርክቴክቱ፦ ቅደም ተከተሉ ያሳምነኛል፤ ትንሹ ቀድሞ ትልቁ በተመልካች ልክ ይከተል። ሆኖም አንድ ነገር አልለቅም። ትልቁ አዳራሽ ዛሬ ባይሠራም ቦታው ዛሬ ይከለል፤ ከባድ መኪና የሚገባበት መንገድና የመድረኩ ማማ ቁመት በከተማዋ ፕላን ላይ ይጻፍ። መሐል ከተማ ላይ ያለ መሬት አንዴ ለሌላ ከተሰጠ አይመለስም።

ግብር ከፋዩ፦ ይከለል ከተባለ እስማማለሁ፤ ግንባታው ለምክር ቤት ሲቀርብ ግን የሥራ ማስኬጃው ወጪ ለአሥር ዓመት ተሰልቶ፣ የሚሸፍነው ምንጭ በስም ተጠቅሶ፣ ከግንባታው ወጪ ጋር በአንድ ሰነድ ይምጣ።

ነዋሪው፦ ለአዳዲስ መድረኮች ፈቃድ ሲሰጥም የድምፁ ልክ በሥራ ሰዓት ሳይሆን በሌሊት፣ ከመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ይለካ። ሰነዱ ላይ ይህች ዐረፍተ ነገር ከገባች እኔም ድጎማውን እደግፋለሁ።