48 በ62 ሲባዛ «በግምት ስንት ነው?» ለምን ይባላል?

የሳቢያን እናት፦ ሰላም ድሬዎች። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራው «48 × 62ን ወደ ቅርብ አሥር አጠጋግተህ ገምት» ይላል። እሱ ግን አባዝቶ 384 አመጣና «መልሱ እያለ ግምት ምን ያደርግልኛል?» ይለኛል። ምን ልበለው?

ቀፊራ ሽንኩርት ተራ፦ አቦ እህቴ፣ ግምቱማ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው! 48 ወደ 50 ይጠጋል፣ 62 ወደ 60። አምስት ስድስት ሠላሳ፣ ሁለት ዜሮ ጨምሪበት፣ 3000። ታዲያ 384 ከየት መጣ? ደብተሩን እዪው፦ 48 በ2፣ 96 ብሏል፤ 48 በ6፣ 288 ብሎ እዛው ከሥሩ ደርድሮ ደምሮታል። 6ቷ እኮ 60 ናት፣ አንድ ቤት ወደ ግራ ትገባለች። 2880 እና 96፣ 2976። እኔ 48 ኪሎ በ62 ብር ስሸጥ 3000 አካባቢ መሆኑን ሳላውቅ ካልኩሌተር አልነካም። ጣት ይስታል።

የሒሳብ መምህር፣ ገንደቆሬ፦ ልክ ብለዋል። እዚህ ላይ ግን የቀረበው አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ስለሄደ ተካክሰው ነው። 25 × 35 ይስጡት። በደንቡ ሁለቱም ወደ ላይ ይሄዱና 30 × 40፣ 1200 ይሆናል፤ ትክክለኛው 875 ነው። እንዲህ ሲሆን አንዱን ዝቅ ማድረግ ይሻላል፦ 30 × 30፣ 900።

የሳቢያን እናት፦ አሳየሁት፣ ገብቶታል። አሁን ደግሞ 19 በ21 ብሎ እኔኑ እየፈተነኝ ነው።

ቀፊራ ሽንኩርት ተራ፦ 400 በይው። በአንድ ብቻ ነው የምትስቺው።