ከጎንደር ሞምባሳ፣ 5 ሌሊት ከልጆችና ከእናቴ ጋር፦ እቅዱ ይበዛል?

የቀሃዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቡን ይዘን ኬንያ፣ ሞምባሳ ልንሄድ አስበናል። እኔና ባለቤቴ፣ የ6 እና የ10 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም የ67 ዓመት እናቴ ነን። ያለን 5 ሌሊት ነው። እስካሁን ያሰብነው አሮጌው ከተማ ውስጥ አድረን ፎርት ጂሰስ የሚባለውን ምሽግ ማየት፣ አንድ ቀን ዲያኒ የባሕር ዳርቻ፣ አንድ ቀን ማሊንዲና ጌዲ፣ የተረፈውን ደግሞ ዋና ላይ ማዋል ነው። ይበዛል? ማረፊያችንስ የት ቢሆን ይሻላል? ሐምሌ ወይስ ነሐሴ? እናቴ ፍልሰታን ትጾማለች። ልጆቹ ከጣና ሌላ ትልቅ ውኃ አይተው አያውቁም፤ ስለ ባሕሩ የምታውቁትን ሁሉ ንገሩኝ።

ማራኪ፦
እህቴ፣ ይበዛል። ከተማው ያለው ደሴት ላይ ነው፤ ጥሩው አሸዋ ግን ከደሴቱ ውጭ ነው። በሰሜን በኩል የኒያሊን ድልድይ ተሻግራችሁ ኒያሊን፣ ከዚያ ባምቡሪን ታገኛላችሁ። ዲያኒ በደቡብ ነው፤ ከደሴቱ ወደዚያ የሚኬደው በሊኮኒ ጀልባ ነው። እግረኛ በነጻ ይሻገራል፣ መኪና ይከፍላል፤ ችግሩ የመኪናው ወረፋ ነው። ሠራተኛ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ከደረሳችሁ ልጆቹ ገና ባሕሩን ሳያዩ ይደክማሉ። በዶንጎ ኩንዱ በኩል የተሠራው አዲስ መንገድ ጀልባውን ያስቀራል፤ እሱ ግን የሚጠቅመው ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ሄዶ ዲያኒ ለሚያድር ነው። ዲያኒ ለደርሶ መልስ አይሆንም፣ ሰርዙት።

ማሊንዲ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጌዲ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ነው፤ ለትልቅ ሰው ግሩም ቦታ ነው። ነገር ግን የ6 ዓመት ልጅና የ67 ዓመት እናት ይዞ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ መዋል ዕረፍት አይባልም።

5ቱንም ሌሊት ኒያሊ ወይም ባምቡሪ እደሩ። የአሮጌው ከተማ ቤቶች ደረጃቸው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ለእናትሽ ይከብዳቸዋል። ባምቡሪ ላይ ደግሞ ሃለር ፓርክ አለ። ቦታው ለሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ሲቆፈርበት የኖረ ገላጣ ጉድጓድ ነበር፤ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛፍ ተተከለበት። ያንን ድንጋይ ችለው ከጸደቁት የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ዋናው እኛም የምናውቀው ሸውሸዌ ነው። አሁን ጥላ ያለው ደን ሆኗል፤ ልጆች ቀጭኔ በእጃቸው ይመግባሉ። የምግብ ሰዓቱን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ ካለፈ ቀጭኔዎቹ ወደ መድረኩ አይመጡም። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ወሩ ሐምሌ ይሁን። በሞምባሳ ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቀኑ 27 እና 28 ዲግሪ ሆኖ ከዓመቱ ቀዝቀዝ የሚልበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት የደቡብ ነፋስ የባሕር ሣር እያመጣ አሸዋው ላይ ይከምራል፤ ቆሻሻ አይደለም፣ አትደንግጡ። ነሐሴ ሲገባ የኬንያ ተማሪዎችም ዕረፍት ስለሚወጡ ሆቴሉ ይሞላል፤ ፍልሰታም ነሐሴ 1 ይገባል። እስከ ሐምሌ 20 ድረስ ሄዳችሁ ብትመለሱ ከሁለቱም ታመልጣላችሁ።

ትኬቱን ከጎንደር እስከ ሞምባሳ በአንድ ላይ ቁረጡ። ለየብቻ ከቆረጣችሁ በክረምት ደመና የጎንደሩ በረራ ቢዘገይ የሞምባሳው ኪሳራ የእናንተ ይሆናል። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ሲሄድ ቪዛ አያስፈልገውም። ይሁንና ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃዱ ደንብ ደጋግሞ ስለተቀየረ፣ ትኬት በምትቆርጡበት ሳምንት የኬንያን መንግሥት ገጽ ተመልከቱ። ልጆቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፓስፖርት ያስፈልጋቸዋል፤ ክረምት ላይ ጠያቂው ስለሚበዛ አሁኑኑ ጀምሩ።

የፒያሳ ልጅ፦
ማራኪ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ አሮጌውን ከተማ ግን በሩጫ አትለፉት። ጠዋት የሚኬድበት ቦታ ነው። ፎርት ጂሰስ በ2 ሰዓት ይከፈታል፤ በሩ ላይ በዚያው ሰዓት ድረሱ። ከ4 ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ቀጥታ ነው፣ ጥላውም ጥቂት ነው።

ለጎንደር ልጅ ያ ምሽግ ባዕድ አይደለም። ፖርቱጋሎች የሠሩት ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ 40 ዓመት በፊት ማለት ነው። በ1541 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ላይ ወርዶ ከግራኝ ጦር ጋር የተዋጋው ክርስቶፎር ዳ ጋማ፣ በ1498 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ የደረሰው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ባስወጡበት ዘመን ሞምባሳም በ1631 እ.ኤ.አ. በፖርቱጋሎች ላይ ተነሥታ ምሽጉን ይዛ ነበር። በመጨረሻ በ1698 እ.ኤ.አ. ኦማኖች ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከበባ ወሰዱት። እንግሊዞች ደግሞ ከ1895 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. እስር ቤት አደረጉት።

ልጆቹን ግድግዳውን ቀርበው እንዲያዩ አድርጓቸው። የፋሲል ግቢ ድንጋይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ይኸኛው ከባሕር የወጣ የኮራል ድንጋይ ስለሆነ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ አንዳንዱ ላይ የዛጎል ቅርጽ ይታያል። መርከበኞች ግድግዳ ላይ የሣሉትን የመርከብ ሥዕልና በ1697 እ.ኤ.አ. ከምሽጉ ሥር ከሰጠመችው የፖርቱጋል መርከብ የወጡትን ዕቃዎች አትለፉ። እናትሽ የማማውን ደረጃ መውጣት የለባቸውም፤ ሙዚየሙ ታች ነው።

ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የምትከፍሉት በውጭ ዜጋ ዋጋ ነው፤ በጀታችሁ ላይ ያዙት። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ የመንግሥት መግቢያዎች ስላሉ በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያዙ። ብር የሚመነዝር አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ ምንዛሪውን ከባንክ በትኬትና በፓስፖርት አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ነጭ ጋውን፦
ሁለቱም ያላነሱትን ዋና ነገር ልጨምር። ከኢትዮጵያ ኬንያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋበት ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እናንተና ልጆቹ ተከተቡ። እናትሽ ግን ከ60 ዓመት በላይ ስለሆኑ ከዚህ በፊት ተከትበው የማያውቁ ከሆነ ዝም ብለው አይወጉ፤ በዚህ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ ብርቱ የጎንዮሽ ጉዳት የመምጣቱ ዕድል ከፍ ይላል። መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ክትባቱ አይስማማቸውም ከተባለ በዚያው በክትባት ካርዱ ላይ የሚሞላ የሕክምና ማስረጃ አለ፤ ማኅተምና ፊርማ እንዳይጎድለው። ይህን ለመጨረሻው ሳምንት ካቆያችሁት መፍትሔ የለውም።

ወባ በዚያ ጠረፍ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ እንደ ጎንደር ደጋ አይደለም። መከላከያው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ማላሮን ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ 7 ቀን ይወሰዳል። ዶክሲሳይክሊን ለ6 ዓመቱ ልጅ አይሆንም። የልጆቹ መጠን በክብደታቸው ስለሚሰላ መዝናችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤት ሲገባ መድኃኒቱን ማቆሙ ላይ ነው። በ3 ወር ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ሞምባሳ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

የእናትሽን የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ለሻንጣ አይሰጥም።

ጎርጎራ፦
ስለ ባሕሩ እኔ ልበል። ጣና ጠዋት ያለበት ቦታ ማታም አለ፤ ባሕሩ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሆነ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። በእነዚህ ቀናት ባሕሩ የሚጎድለው ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ትላንት የዋኛችሁበት ቦታ ዛሬ ድንጋይና ኩሬ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይገለበጣል፤ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ልዩነቱም ይጠባል። ልጆች ላሉት ሰው የሚሻለው ይህ ሳምንት ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ውኃው እየሞላ እያለ ይዋኛሉ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨረቃዋን እዩ።

ከዳርቻው ራቅ ብሎ የኮራል ግንብ አለ። ትልቁ ሞገድ እዚያ ስለሚሰበር ከግንቡ ወዲህ ያለው ውኃ ጸጥ ይላል። ግንቡ ግን የተከፈተባቸው ቦታዎች አሉ፤ ባሕሩ ሲጎድል ውኃው ሁሉ በእነሱ በኩል ስለሚወጣ ዋናተኛ ይወስዳል። የሆቴሉን የባሕር ጠባቂ ክፍቱ የት እንደሆነ አሳየን በሉት።

በባዶ እግር አትግቡ። ጃርት የሚመስል፣ እሾኹ ጥቁር የሆነ እንስሳ ድንጋዩ ሥር አለ። ኮንጎ ጫማ ግዙላቸው፤ እግር ላይ ጥብቅ ይላል፣ ርካሽ ነው፣ ጨው አይጎዳውም። ነጠላ ጫማ ውኃ ይዞት ይሄዳል። እሾኽ ከገባ አትጭመቁት፣ ውስጥ ይሰበራል፤ እግሩን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ዘፍዝፉ፣ የቀረውን ጤና ጣቢያ ያውጣው።

ኮራሉን በጀልባ የሚያሳዩ ሰዎች አሸዋው ላይ ይመጣሉ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ፤ በልጆቹ ልክ የሆነ መንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌላቸው አትሳፈሩ። ዛጎልና የኮራል ስባሪ አትሰብስቡ፣ አትግዙም።

የቀሃዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ክትባቱን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ ነገ እናቴን ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። ዲያኒና ማሊንዲ ቀርተዋል። አንድ ልጠይቅ፤ ስንቅ መያዝ ይቻላል? እናቴ ረቡዕና ዓርብ ምን ትበላለች?

ማራኪ፦
ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ ይቻላል፤ በፌስታል ግን አይሁን። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ስለከለከለች በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት። ሻንጣ ውስጥ ጫማ የጠቀለላችሁበትንም አውጡ። ቅቤና ቋንጣ ጥያቄ ያስነሣል፣ ይቅር።

ለጾሙ አትጨነቂ። በኮኮናት ወተት የተሠራ ሩዝ፣ ቦሎቄና የርግብ አተር የየቀን ምግባቸው ነው፤ የላም ወተትና ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ሲያዙ ይናገሩ። በአሮጌው ከተማ ምግብ ቤቶች ያለው ሥጋ የሙስሊም እርድ ነው፤ በፍስክ ቀንም እናትሽ ይህን የሚጠብቁ ከሆነ ዓሣና አትክልት ሞልቷል። እዚያ ስትሄዱ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይሁን።

ስለ ሰዓት ደግሞ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር 3 ሰዓት ቢልሽ የኛው 3 ሰዓት ነው። ትኬቱና የሆቴሉ ወረቀት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ባለ ባጃጁን ለአየር ማረፊያ ስትቀጥሪ የትኛውን እንደሆነ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብለሽ አረጋግጪ።